ርቀትንና የጉዞ ጊዜን አጣርቶ መጻፍ

ባለፈው ትምህርት የቦታ አገላለጽን ተመልክታችኋል። በዚህ ትምህርት ደግሞ በሁለት ቦታዎች መካከል ያለውን ርቀትና ያን ርቀት ተጉዞ ለመጨረስ የሚያስፈልገውን ጊዜ አጣርቶ መጻፍን ትማራላችሁ። ነገሩ ለላይ ተመልካች ቀላል ይመስላል። ሆኖም አንዲት ቃል ብትጎድል ወይም ያለ ቦታዋ ብትገባ አንባቢው ይሳሳታል፤ አንዳንድ ጊዜም፣ ወደፊት እንደምታነቡት፣ አይሮፕላን ያመልጠዋል። በመጀመሪያ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ምንባብ፦ የቀን መንገድና የሰዓት በረራ

ከወግዲ ደጋ ጫፍ ቆሞ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚመለከት ሰው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ እንደ ሆነ፣ ከማዶ የጎጃምን ደጋ ያያል። እጅ ተዘርግቶ የሚነካ ያህል ይቀርበዋል። ንስር ክንፉን ዘርግቶ ጥቂት ቢያንዣብብ ይሻገረዋል። እግረኛ ግን በመጀመሪያ ደጋውን ለቆ ቆላ መውረድ፣ ከዚያም ወንዙን መሻገር፣ በመጨረሻም የወረደውን ያህል አቀበት መውጣት አለበት። ስለዚህ የዚያ አገር ሰው መንገድ ሲጠየቅ በኪሎ ሜትር አይመልስም፤ «የአንድ ቀን መንገድ ነው» ወይም «ማልደህ ከተነሣህ ለቀትር ትደርሳለህ» ይላል። ይህን አነጋገር የመለኪያ እጦት የወለደው አድርጎ መቁጠር አይገባም። ቁልቁለትና አቀበት በበዛበት አገር የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ለመንገደኛው የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው። ስንት ቀን የሚበቃ ስንቅ ልያዝ? ማታ የት ልደር? ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ የሚሰጠው ጊዜው ነው። በዚህ አነጋገር ርቀትና ጊዜ አንድ ነገር ሆነው ይኖራሉ።

እነዚህን ሁለት ነገሮች ለያይቶ ያሳየን አይሮፕላን ነው። በአውራ ጎዳና ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በደብረ ብርሃን አልፎ፣ በጣርማ በር ተጠማዝዞ ወርዶ፣ በኮምቦልቻ በኩል እንደ ገና ሽቅብ ይወጣል። ከቦሌ ተነሥቶ ኮምቦልቻ የሚያርፍ አይሮፕላን ግን በቀጥታ ቢለካ የሚጓዘው 255 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የመካነ ሰላም ነገር ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ያስገርማል። በዓለም የአይሮፕላን ማረፊያዎች መዝገብ ውስጥ ኤም፣ ኬ፣ ኤስ በሚሉ ሦስት ፊደላት የምትታወቀው መካነ ሰላም ከቦሌ በስተ ሰሜን፣ በአንድ ኬንትሮስ ላይ ናት ለማለት ይቻላል። በሁለቱ መካከል ያለው ቀጥተኛ ርቀት 200 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ 195 ያህል ነው። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚበርር ዳኮታ አይሮፕላን ይህን ርቀት በሒሳብ በ39 ደቂቃ ውስጥ ይጨርሰዋል። ከወግዲ ተነሥቶ በመካነ ሰላምና በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ ለመግባት የሚጓዝ የመኪና መንገደኛ ግን ብዙ ጊዜ በመንገድ ላይ ማደሩ አይቀርም።

«በሒሳብ» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። አይሮፕላን እንደ ተነሣ ወዲያውኑ ሙሉ ፍጥነቱን አያገኝም። ከቆመበት ወጥቶ ወደ መንደርደሪያው ያዘግማል፤ ተራ ይጠብቃል፤ ተንደርድሮ ይነሣል፤ ከፍታውን እስኪይዝ ድረስ ዝግ ይላል፤ ለማረፍ ሲቃረብም ፍጥነቱን እየቀነሰ ይዞራል። አየር መንገዶች የጉዞ ጊዜ ብለው የሚያስታውቁት አይሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ ጀምሮ፣ ማረፊያው ደርሶ እስከሚቆምበት ደቂቃ ያለውን ጊዜ ነው። ይህ ትርፍ ጊዜ በአጭር በረራ ላይ ትልቅ ድርሻ አለው፤ በረጅም በረራ ላይ ግን እምብዛም አይታወቅም። እንግዲህ ርቀቱ በእጥፍ ስላደገ ጊዜውም የግድ በእጥፍ ያድጋል ማለት አይቻልም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያውን የመንገደኞች በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ከአዲስ አበባ እስከ ካይሮ በቀጥታ 2,470 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዳኮታ ፍጥነት ስናሰላው ይህ ርቀት በአየር ላይ ብቻ ከ8 ሰዓት በላይ ይፈጃል።

ከዚያ ሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 1984፣ አየር መንገዱ አዲስ የገዛው ቦይንግ 767 አይሮፕላን ከዋሽንግተን ተነሥቶ በየትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። የበረረው 12,082 ኪሎ ሜትር ነበር፤ የፈጀበትም ጊዜ 13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ነው። በዚያን ጊዜ ይህ ባለሁለት ሞተር አይሮፕላን ያደረገው ረጅሙ በረራ ሆኖ ተመዘገበ።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አንብባችሁ አትለፏቸው፤ መርምሯቸው። 12,082ን በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ብታካፍሉ በሰዓት 910 ኪሎ ሜትር ያህል ይመጣል። የዚህ ዓይነት አይሮፕላን የተለመደ ፍጥነት ግን በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ትርፉ ከየት መጣ? በሰሜኑ የዓለም ክፍል፣ አይሮፕላኖች በሚበርሩበት ከፍታ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ወደ ምሥራቅ የሚበርረውን ከኋላ ይገፋዋል፤ ወደ ምዕራብ የሚበርረውን ደግሞ ከፊት ይገታዋል። ሁለተኛም፣ በዋሽንግተን ዱለስ ማረፊያና በቦሌ መካከል ያለው ቀጥተኛ ርቀት 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አይሮፕላኑ ከዚህ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ጨምሮ በርሯል። አይሮፕላን የሚከተለው የተመደበለትን የአየር መስመር ነው፤ የሚያግዘውን ነፋስ ፍለጋም ከቀጥተኛው መንገድ ፈቀቅ ይላል። መንገዱን አርዝሞ ጊዜውን ሊያሳጥር ይችላል ማለት ነው።

«ቀጥተኛ» የሚለው ቃል ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በክፍላችሁ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የዓለም ካርታ አዲስ አበባንና ዋሽንግተንን በማስመሪያ ብታገናኙ፣ መስመሩ በማሊና በሞሪታኒያ በኩል አድርጎ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። ትምህርት ቤታችሁ የመሬት ሉል ካለው ግን አንድ ክር ወስዳችሁ በሁለቱ ከተሞች ላይ ወጥራችሁ ያዙ። ክሩ በሱዳንና በሊቢያ ላይ አልፎ፣ ስፔንን አቋርጦ፣ ከዚያ ወደ ውቅያኖሱ ይወጣል። መሬት ክብ ስለሆነች አጭሩ መንገድ ክሩ የሚያሳየው ነው። ካርታው የክቡን ነገር በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ዘርግቶ ስለሚያሳይ ማስመሪያው ያታልላል።

አሁን ደግሞ መንገዱን እናዙረው። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ በመካከል ላይ ነዳጅ ለመቅዳት፣ በተለያዩ ዓመታት በሮም ወይም በደብሊን ሲያርፍ ቆይቷል፤ ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል። ርቀቱ ያው፣ አይሮፕላኑ ያው፤ ስለምን ይለያያል? የፊት ለፊቱ ነፋስ አንድ ምክንያት ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን የአገራችን ደጋነት ነው። የቦሌ መንደርደሪያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። የዱለስ ማረፊያ 100 ሜትር አይሞላም። በደጋ ላይ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። አቀበት ሲወጣ ትንፋሽ ያጠረው ቆለኛ ይህን ያውቀዋል። የአይሮፕላኑ ክንፍ የሚደገፈው በአየር ነው፤ ሞተሩም የሚሠራው አየር ስቦ ነው። አየሩ በሳሳ መጠን ክንፉም ሞተሩም ይደክማሉ፤ አይሮፕላኑ ለመነሣት ይበልጥ መፍጠን፣ ይበልጥም መንደርደር ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ ሸክሙን ማቃለል ግድ ይሆንበታል። በረጅም በረራ ላይ ደግሞ እጅግ ከሚከብዱት ሸክሞች አንዱ ነዳጁ ነው። ስለዚህ ከቦሌ የሚነሣው ነዳጁን ሙሉ አድርጎ አይሄድም፤ ዝቅ ካለ አገር አርፎ ይሞላል። ከዚህ በኋላ «ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ እንደሌለው ትረዳላችሁ። መሄጃው ሌላ ነው፤ መመለሻው ሌላ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን በነፋስም በደጋም የሚመጣ አይደለም፤ በሰዓት አቈጣጠር የሚመጣ ነው። እኛ የቀኑን ሰዓት ከንጋት፣ የሌሊቱን ሰዓት ከምሽት ጀምረን እንቈጥራለን። በአይሮፕላን ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይቈጠራል፤ የዕለቱም ስም እኩለ ሌሊት ላይ ይለወጣል። አንዲት መንገደኛ ወደ ጅዳ ለመሄድ ቲኬት ገዛች እንበል። በቲኬቱ ላይ «ማክሰኞ 01፡30» ተጽፎአል። መንገደኛዋም ሰኞን ከዘመዶቿ ጋር ውላ፣ አድራ፣ ማክሰኞ ማለዳ ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል ሳይሆን ልድረስ ብላ ወደ ቦሌ ብትገሠግሥ ምን ይገጥማታል? የቲኬቱ ሰዓት በእኛ አቈጣጠር ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ነው። እርሷ በሰዓቱ ደረስሁ ስትል አይሮፕላኑ ከተነሣ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። ከአዲስ አበባ ጅዳ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በረራው የሚፈጀው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከእርሷ ጋር መሄድ የነበረባቸው መንገደኞች ጅዳ ከገቡ አራት ሰዓት አልፎአቸዋል። ለሐጅም ይሁን ለሥራ፣ ከሩቅ ገጠር ተነሥቶ፣ ገንዘብ ተበድሮ ለሚጓዝ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በቤት ውስጥ ቲኬት የሚያነበው ደግሞ ብዙ ጊዜ ተማሪው ልጅ ነው።

አዲስ አበባና ጅዳ የሰዓት ልዩነት የላቸውም። አዲስ አበባና ዋሽንግተን ግን በኬንትሮስ 116 ዲግሪ ያህል ይራራቃሉ። መሬት በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ልዩነቱ ወደ 8 ሰዓት ይጠጋል። በክረምታቸው ወራት 8 ሰዓት ነው፤ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት በሚያደርጉባቸው ወራት ደግሞ 7 ይሆናል። ስለዚህ የመነሻና የመድረሻ ሰዓት ከቲኬት ላይ ተቀናንሶ የጉዞ ጊዜ አይገኝም። መጀመሪያ ሁለቱን ሰዓቶች ወደ አንድ ቦታ ሰዓት መመለስ ያስፈልጋል።

ሰዋስው፦ «ሰዓት» እና ጓደኞቹ

በምንባቡ ውስጥ «ሰዓት» የሚለው ቃል በሁለት ፍቺ እንደ ገባ አስተውላችኋል። አንደኛው የጊዜ ነጥብ ነው፤ ለምሳሌ «ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል»። ሁለተኛው የጊዜ ርዝመት ነው፤ ለምሳሌ «13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ፈጀ»። አሁን ይህን ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ፦

አይሮፕላኑ በሁለት ሰዓት ደረሰ።

ጸሐፊው ምን ማለቱ ነው? አይሮፕላኑ የደረሰው ሰዓቱ ሁለት ሲል ነው? ወይስ ከተነሣ ሁለት ሰዓት ሲሞላው? ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው በኩል ጉድለት የለበትም፤ ግን አሻሚ ነው። በቃል ሲነገር አድማጩ ጠይቆ ይረዳል፤ በጽሑፍ ግን ጠያቂ የለም። የመጀመሪያውን ለማለት ከሆነ «አይሮፕላኑ ከጧቱ በሁለት ሰዓት ላይ ደረሰ» ብላችሁ ጻፉ። ሁለተኛውን ለማለት ከሆነ «አይሮፕላኑ በሁለት ሰዓት ውስጥ ደረሰ» ወይም «ጉዞው ሁለት ሰዓት ፈጀ» በሉ። «ከጧቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ»፣ «ከሌሊቱ» የሚሉት ቃላት የጊዜ ነጥብን፣ «ውስጥ» እና «ፈጀ» ደግሞ የጊዜን ርዝመት ያጠራሉ።

ስለ «ፈጀ» አንድ ነገር እንጨምር። «ጉዞው ሁለት ሰዓት ወሰደ» የሚል አነጋገር በጋዜጣም በሬዲዮም ይሰማል። በዚህ ምክንያት ቀይ እስክሪብቶ ማንሣት ባያስፈልግም፣ ነባሩና ጥሩው አማርኛ «ፈጀ» ነው። እንጨት፣ ስንቅ፣ ጊዜ ሁሉም ይፈጃሉ።

«ያህል» መጠንን በግምት ስንናገር ይገባል፤ «255 ኪሎ ሜትር ያህል»። «ገደማ» ደግሞ ለጊዜ ነጥብም ለመጠንም ያገለግላል፤ «ቀትር ገደማ»፣ «ሁለት ሰዓት ገደማ»። ሁለቱን ባንድነት «ሁለት ሰዓት ያህል ገደማ» ማለት ድግግሞሽ ነው። «254.7 ኪሎ ሜትር ያህል» ማለትም እርስ በርሱ ይጣላል፤ እስከ ዐሥረኛ ክፍል ድረስ ያወቀ ሰው ስለምን ይገምታል?

በሌሎች አንዳንድ ቋንቋዎች ቅጽሉ ራሱ ቅርጹን ለውጦ ብልጫን ያሳያል። አማርኛ ግን በ«ከ» እና በግሥ ያወዳድራል። «የአየሩ መንገድ ከመኪናው መንገድ ያጥራል» ማለት በቂ ነው። «ይልቅ» ሲጨመር ንጽጽሩ ይጠብቃል፤ «የአየሩ መንገድ ከመኪናው ይልቅ ያጥራል»። «የአየሩ መንገድ ከመኪናው የበለጠ አጭር የሆነ ነው» የሚለው ግን ሦስት ቃል አባክኖ አንዱ ግሥ የሚሠራውን ይሠራል።

ድርሰት

ስለ አንድ ጉዞ ገላጭ ድርሰት ስትጽፉ አንባቢያችሁ ያን መንገድ ሄዶበት የማያውቅ ሰው ነው ብላችሁ አስቡ። ርቀት በጠቀሳችሁ ቁጥር ከየት እስከ የት፣ በየትኛው መንገድ እንደ ተለካ ንገሩት። ጊዜ በጠቀሳችሁ ቁጥር ከምን ተነሥታችሁ እንደ ቈጠራችሁ ንገሩት፤ አይሮፕላኑ ከበረረበት ነውን፣ ወይስ መንገደኛው ከቤቱ ደጃፍ ከወጣበት? ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው እጅግ ሊበልጥ ይችላል። ከወግዲ ተነሥቶ ጅዳ ለሚሄድ ሰው አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው በአየር ላይ ሳይሆን ቦሌ እስኪደርስ ድረስ ባለው መንገድ ላይ ነው። ቁጥሮችን ሁሉ ግን አትደርድሩ። ለነገራችሁ የሚያስፈልጉትን ሁለት ወይም ሦስት ብቻ መርጣችሁ ምክንያታቸውን አስረዱ። ከላይ ባለው ምንባብ ውስጥ ስለ ካይሮ በረራ ጥቂት ብቻ ተነግሮ፣ ስለ ዋሽንግተኑ በረራ ብዙ የተባለው ለምን እንደ ሆነ ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩ።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች አሻሚነታቸውን አስወግዳችሁ እንደ ገና ጻፉ። እያንዳንዱን በሁለት መንገድ መጻፍ ትችላላችሁ።

1. መምህሩ ከመካነ ሰላም በአምስት ሰዓት መጡ።
2. ስብሰባው በሦስት ሰዓት አለቀ።
3. ኮምቦልቻ ከአዲስ አበባ 255 ኪሎ ሜትር ይርቃል።

ለ. በቲኬት ላይ የተጻፉትን የሚከተሉትን ሰዓቶች ወደ እኛ አቈጣጠር መልሱ፤ «ጧት»፣ «ቀን»፣ «ምሽት» ወይም «ሌሊት» የሚለውን፣ አስፈላጊም ሲሆን «አጥቢያ» የሚለውን ቃል ጨምሩ፦ ዓርብ 22፡15፤ ቅዳሜ 00፡40፤ እሑድ 08፡00፤ ረቡዕ 05፡20።

ሐ. የሚከተለው ለመልመጃ የተዘጋጀ ምሳሌ ነው። አንድ አይሮፕላን በጥር ወር ከአዲስ አበባ በ22፡15 ተነሥቶ፣ በመንገድ ላይ ነዳጅ ቀድቶ፣ በማግሥቱ በዋሽንግተን ሰዓት 07፡15 ደረሰ። ሌላው በዚያው ወር ከዋሽንግተን በ11፡00 ተነሥቶ በማግሥቱ በአዲስ አበባ ሰዓት 08፡00 ደረሰ። ሁለቱ ጉዞዎች እያንዳንዳቸው ስንት ሰዓት ፈጁ? የልዩነቱን ምክንያት በአንድ አንቀጽ አብራሩ።

መ. ከአካባቢያችሁ ወጥቶ የማያውቅ አንድ ሽማግሌ «ጅዳ ስንት ቀን መንገድ ነው?» ብለው ጠየቋችሁ እንበል። ኪሎ ሜትር የሚለውን ቃል ሳትጠቀሙ፣ በአክብሮት አነጋገር፣ ከሰፈራችሁ እስከ ቦሌ ያለውንም ጉዞ ጨምራችሁ፣ ከዐሥራ ሁለት እስከ ዐሥራ አምስት ዓረፍተ ነገር ባለው ድርሰት መልሱላቸው።